የቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ስልክ ላይ እንዳይቆረጥ ያደረግኩት

ጓደኛዬ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነው። ድረ ገጽ ስሠራለት ለመግቢያው የመረጥነው ፎቶ የቤተ ጊዮርጊስ ነበር፤ ከአፋፉ ላይ ሆኖ ወደ ታች የተነሳ። ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች በደንብ ይታያሉ። ሕንጻው ፎቶው ላይ ወደ ግራ ጠጋ ብሏል፤ በቀኝ ያለው አለት ለጽሑፍ ይመቻል። ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ልብ ይሞላል። ስልክ ላይ ግን የመስቀሉ ግራ ክንድ ተቆርጧል። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ቅርጹ ራሱ መስቀል ነው። ክንዱ ከጎደለ ሌላ ሕንጻ ይሆናል።

ፎቶው የገባው የጀርባ ምስል ሆኖ ነው፤ በሲኤስኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ፣ በተለመደው መንገድ፤ ባክግራውንድ-ሳይዝ ከቨር፣ ባክግራውንድ-ፖዚሽን ሴንተር። ከቨር ማለት ሳጥኑ (ፎቶው የሚያርፍበት የገጹ ክፍል) ውስጥ ባዶ ቦታ እንዳይቀር ምስሉን የስፋቱንና የቁመቱን ምጣኔ ጠብቆ ማሳደግ ወይም ማሳነስ ነው። የተረፈው ይቆረጣል። ከየት በኩል ይቆረጥ የሚለውን የሚወስነው ፖዚሽን ነው።

ዋናው ነገር ያለው ፐርሰንቱ ላይ ነው። 30% ሲባል ምስሉ ከሳጥኑ ግራ ጠርዝ 30% ገባ ብሎ የሚጀምር ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። የምስሉ 30% ላይ ያለው ነጥብ ከሳጥኑ 30% ላይ ካለው ነጥብ ጋር ይገጥማል። ብራውዘሩ ከሳጥኑ ስፋት ላይ የምስሉን ስፋት ይቀንስና ልዩነቱን በፐርሰንቱ ያባዛል። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው ከመጀመሪያው ሲኤስኤስ ጀምሮ ያለ ነው።

በቁጥር እንየው። ፎቶው 1800 በ1200 ፒክስል ነው። ስልኩ ላይ ያለው ሳጥን 400 በ600 ነው። ከቨር ፎቶውን 900 በ600 ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከጎን 500 ፒክስል ይተርፋል። መስቀሉ በዚህ መጠን ከ150 እስከ 390 ድረስ ይዘረጋል፤ መሃሉ 270 ላይ ነው። ሴንተር ማለት 50% ስለሆነ ከግራ 250 ፒክስል ይቆረጣል። ክንዱን የበላው እሱ ነው። መሃሉ ከምስሉ 30% ላይ ስለሆነ 30% ብንል ደግሞ 150 ይቆረጣል፤ መስቀሉ ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር ይጣበቃል። አልተቆረጠም፣ ግን ትንፋሽ አጥቷል። እኔ የፈለግኩት 270ው ነጥብ የስክሪኑ መሃል ማለትም 200 ላይ እንዲውል ነው። ለዚህ 70 ፒክስል ብቻ ከግራ መቆረጥ አለበት። 70 ለ500 ሲካፈል 14% ነው። 14% ስጽፍ መስቀሉ በግራም በቀኝም 80 ፒክስል ቦታ አግኝቶ መሃል ቁጭ አለ።

ከዚያ በጣም ደስ ያለኝ ነገር መጣ። ኮምፒውተር ላይ ሳጥኑ 1200 በ600 ነው። እዚያ ከቨር ፎቶውን 1200 በ800 ያደርገዋል። ወደ ጎን የሚተርፍ የለም፤ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ስለሆነ 14%ቱ ምንም አይለውጥም። የሚሠራው የፖዚሽን ሁለተኛው፣ የቁመቱ ቁጥር ነው። እሱን 20% አደረግኩት፤ አፋፉ ላይ የቆሙት ሰዎች እንዳይቆረጡ። የሕንጻውን ግዝፈት የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ስልኩ ላይ ደግሞ በቁመት የሚተርፍ ስለሌለ 20%ው ዝም ይላል። አንድ መስመር፣ ሁለት ቁጥር፣ ለሁለት ስክሪን። ሚዲያ ኩዌሪ (ለየስክሪኑ ስፋት የተለየ ሕግ መጻፊያ) አላስፈለገም። 700 በ600 በሆነ ሳጥንም ሞከርኩት፤ መስቀሉ ወደ ግራ ያደላል እንጂ ሙሉ ነው።

በፒክስል ቢሆን ይህ አይገኝም። ኔጌቲቭ 70 ፒክስል ብሎ መጻፍ ስልኩ ላይ ያው ውጤት ይሰጣል። ኮምፒውተር ላይ ግን ፎቶው ወደ ግራ ይሸሽና የቀኙ ጠርዝ ይከፈታል። ሪፒት (ምስሉን መደጋገም) ካልተከለከለ እዚያ የፎቶው መጀመሪያ ተደግሞ ብቅ ይላል። ፒክስል የሚያምረው ለትናንሽ ምልክቶች ነው። የካርታዋን ምልክት ከታች ቀኝ ጥግ ያስቀመጥኳት በአራት ቃል ነው፤ ራይት 16 ፒክስል፣ ቦተም 12 ፒክስል። ሳጥኑ ቢሰፋም ቢጠብም ከጥጉ አትርቅም።

ጽሑፉ እንዲነበብ ከፎቶው በላይ ጠቆር ያለ ግራዲየንት (ቀስ በቀስ የሚለወጥ ቀለም) ጨመርኩ። ሁለቱ በኮማ ይለያሉ፤ መጀመሪያ የተጻፈው ከላይ ይሆናል። ባክግራውንድ በሚለው አጭር ትእዛዝ ሁሉንም አንድ ላይ የሚጽፉ ከሆነ ሳይዝ የሚገባው ከፖዚሽን ቀጥሎ፣ ከስላሽ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን ከጀርባ ምስል አይገኝም፤ አማራጭ ጽሑፍ። ማየት ለተሳነው ሰው ስክሪን ሪደሩ (ገጹን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም) ስለ ፎቶው የሚናገረው የለም። ለዚህ ነው የሌሎቹን አብያተ ክርስቲያናት ፎቶዎች ከጀርባ ሳይሆን በኢሜጅ ታግ ያስገባኋቸው። ኦብጄክት-ፊት ከቨርና ኦብጄክት-ፖዚሽን እዚያም አሉ፤ የፐርሰንቱ ስሌትም ያው ነው። ልዩነቱ ምንም ካልተጻፈ ነው፤ ኦብጄክት-ፖዚሽን መሃል ይይዛል፣ ባክግራውንድ-ፖዚሽን ግን ከላይ ግራ ጥግ ይጀምራል።