ግድግዳው ላቡን በየት ያወጣዋል?

ቤቱ ትንሽ ነው። 36 ካሬ ሜትር። አንድ መኝታ ቤት አለው፣ ኩሽናውና ሳሎኑ አንድ ላይ ናቸው። ግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ጡብ ነው። አፈሩን ከሩቅ አላስመጣንም። ከላይ ያለውን ለም አፈር ለአትክልት ቦታው አስቀመጥን፣ ለመሠረት ሲቆፈር ከሥር የወጣው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጡብ ሆነ። ዲዛይኑን የሠራሁት እኔ ነኝ።

የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ ሴት አስተማሪ ናቸው። የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር። ቤቱ ትንሽ ይሁን፣ ዛፎቹ አይቆረጡ፣ መሬቱ አይጎዳ። በሙሉ ልቤ ገባሁበት። ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ መስኮቶቹን ትይዩ አደረግኳቸው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ስለሚለቀው ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አላስገባሁም። በዚህ ሁሉ ዛሬም አልጸጸትም።

የተሳሳትኩት ልስኑ ላይ ነው።

የጭቃ ልስን በዝናብ ይታጠባል፣ በየጊዜው መጠገን አለበት። እኚህ ሴት ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፣ ነገ ማን ይለጥፍላቸዋል ብዬ ተጨነቅኩ። ስለዚህ ውጪውን በሲሚንቶ ለስነን አንዴ እንገላገል አልኩ። ሲሚንቶ ጭቃን በደንብ አይዝም። እንዲይዝ የዶሮ ሽቦ በሚስማር ተመታና በላዩ ላይ ተለሰነ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋናው ግንበኛ ጠጋ አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጭቃ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ላቡን በየት ያወጣዋል?»

«ጋሼ፣ ውሃ ካልገባ ምን ላብ አለው?» አልኳቸው።

ሌላ ነገር አልተናገሩም። ሄደው በጥሩ እጅ ለሰኑት።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። ከሁለተኛው በኋላ ባለቤቷ ደወሉ። «ግድግዳው ድምፁ ተቀይሯል» አሉኝ። ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። ግንበኛውን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ምንም ሳይሉ በጣታቸው አንጓ ግድግዳውን እያንኳኩ ከበሩ ጀመሩ። ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ። መስኮቱ ሥር ሲደርሱ ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል ሆነ። መሮውን ጠርዙ ላይ አስገብተው በመዶሻ ሁለቴ መታ መታ አደረጉት። የጠረጴዛ ስፋት የሚያህል ልስን ከነሽቦው እንደ ቅርፊት ተላቀቀ።

ከኋላው ያለው ጡብ ጠቁሯል። ጣቴን ብጫነው እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰመጠ። ውስጡ ያለው ጭድ በስብሶ ይሸታል። ሚስማሮቹ ዝገዋል። ያ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ነገሩን አብረን መረመርነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ እንደዚያ አይንቀሳቀስለትም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። መስኮቱ ጥግ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘን። ዝናቡ በዚያ ገባ። የገባው ውሃ ግን በዚያ ቀጭን ስንጥቅ ተመልሶ ሊወጣ አይችልም። እንደ ጭቃ ወይም እንደ ኖራ ልስን ቢሆን ኖሮ በግድግዳው ፊት በሙሉ በእንፋሎት ይወጣ ነበር። ጋሼ ላብ ያሉት ይህንን ነው።

ከውስጥም የሚመጣ አለ። ትንሽ ቤት ላይ ይህ ይብሳል። ጣራው ዝቅ ያለ ስለሆነ የቤቱ አየር በሙሉ 90 ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። የድስቱ እንፋሎት፣ የገላ መታጠቢያው፣ የተሰጣው ልብስ፣ የሌሊት ትንፋሽ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው። ነፋስ የተወሰነውን ይወስደዋል፣ ቀሪው ግድግዳው ውስጥ ይገባል። እኔ ደግሞ መውጫውን ዘግቼበታለሁ።

ጣራው ከግድግዳው አልፎ የሚወጣበት ክፈፍም የእኔ ጥፋት ነበረበት። ከፊት ሲታይ ቀጭን እንዲሆን 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ አድርጌዋለሁ። አንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል አንድ ሊትር ውሃ ነው። ለ55 ካሬ ሜትር ጣራ የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,100 ሊትር ይሆናል። ያ ሁሉ ግድግዳው እግር ሥር እየወረደ መልሶ ይረጨው ነበር።

በኋላ ሳነብ ሌሎችም እዚሁ ላይ እንደወደቁ አወቅኩ። አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ራንቾስ ደ ታኦስ የሚገኘው ጥንታዊ የጭቃ ጡብ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1967 በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር። እርጥበቱ ውስጥ ታምቆ ግድግዳውን ጎዳው። ሲሚንቶው ተነሥቶ ወደ ጭቃ ልስን ተመለሱ። ምእመናኑ ዛሬም በየዓመቱ ተሰብስበው በእጃቸው ይለስኑታል።

ለባለቤቷ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው፣ ለጥገናው ዲዛይንና ክትትልም አልተከፈለኝም። ሲሚንቶውን በሙሉ አነሣን። ከዚያ ጠበቅን። ከባዱ ይህ መጠበቅ ነው። ጋሼ ሦስት ወር ሙሉ ማንም እንዳይነካው አሉ፣ በየሳምንቱ እየመጡ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ። የበሰበሰው ጡብ ተቀየረ። ክፈፉ 90 ሴንቲ ሜትር ሆነ፣ አሸንዳ ገባለት፣ ውሃው አሁን በርሜል ውስጥ ገብቶ አትክልቱን ያጠጣል። ልስኑ መጀመሪያ ጭቃ፣ አሸዋና ጭድ፣ ከዚያ በላዩ ስስ የኖራ ልስን በሦስት ዙር። ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ እያንጠለጠልን ከለልነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሲሚንቶ ሲመረት ብዙ ካርቦን ይለቃል፣ ጭቃን የመረጥኩትም ለዚያ ነበር። መርጬው ሳበቃ አላመንኩትም።

አሁን የማንኛውንም ቤት ግድግዳ ስስል ከውጪ የሚመጣውን ውሃና ከውስጥ የሚወጣውን እንፋሎት በቀስት አመለክታለሁ። መውጫ ያጣ ቀስት ካለ ስዕሉ ከጠረጴዛዬ አይነሣም። ግንበኛውንም ቁፋሮ ሳይጀመር እጠራለሁ።

ባለፈው ወር እግረ መንገዴን ጎራ አልኩ። ባለቤቷ የጎማ ጓንት አድርገው፣ ትንሽ ባልዲ ይዘው ከግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። መዳፍ የምታህል ልስን ወድቃ ኖሮ ራሳቸው ኖራ አቡክተው ለጥፈውላታል። እርጥቧ ቦታ ከሌላው ጠቆር ብላ ትታያለች።

«ስትደርቅ የት እንደነበረች አታገኛትም» አሉኝና ባልዲውን ሊያጥቡ ተነሡ።