93 ላይ ቆመ

ይሄን ገጠመኝ ለጓደኞቼ በቃል ስነግር ኖሬያለሁ፤ ጽፌው ግን አላውቅም። መምህርነት በጀመርኩበት ዓመት ነው የሆነው። ጎንደር ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር።

የዕለቱ ሥራ ውሃ እያፈሉ ሙቀቱን መለካት ነው። አምስት ቢከር፣ አምስት ቴርሞሜትር፣ አምስት የአልኮል መብራት ነበረን፤ ልጆቹንም አምስት ቦታ ከፈልኳቸው። በየሁለት ደቂቃው እያነበቡ ሠንጠረዥ ይሞላሉ፣ ውሃው ሲንተከተክ የመጨረሻውን ቁጥር ይጽፋሉ። መልሱን አስቀድሜ ሰሌዳ ላይ ጽፌላቸዋለሁ፦ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ። እኔም በነሱ ዕድሜ የተማርኩት ይሄንኑ ነው። አንድም ቀን ግን በገዛ እጄ ለክቼው አላውቅም ነበር።

ውሃው ፈላ። ቀዩ መስመር ሽቅብ ሄዶ ሄዶ 93 ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ቡድን 93፣ ሁለተኛው 93፣ ሦስተኛው 92፣ አራተኛው 94፣ አምስተኛው 93። "ቲቸር፣ አልደረሰም" አሉኝ። ትንሽ ጠብቁ አልኳቸው። ጠበቁ። ውሃው ከቢከሩ እየጎደለ ሄደ፣ መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ደወል ሊደወል ነው፣ ክፍሉ እየተንጫጫ ነው፣ እኔም ግራ ገብቶኛል። እንዲህ አልኩ፦ "ቴርሞሜትሮቹ አሮጌ ናቸው። ያነበባችሁትን አጥፉና 100 ብላችሁ ጻፉ።"

አጠፉ። ላጲሱ ከዴስክ ዴስክ ሲወራወር አሁንም ይታየኛል።

አንዲት ልጅ ብቻ አላጠፋችም። ፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት። ደብተር ሳርም 93 እንዳለ አገኘሁት። ከጎኑ "ሦስት ጊዜ አየሁት" ብላ ጽፋለች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁበትና ከ5 3 ሰጠኋት።

በሳምንቱ ወላጆች ሲጠሩ እናቷ መጡ። ስለ ውጤቱ ሊከራከሩኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ውጤቱንም አላነሱት። "መምህር፣ ልጄን ምን ቢያስተምሯት ነው ማታ ማታ ውሃ ጥዳ የምታፈጠው?" አሉኝ። ሙከራውን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ "እሱማ የዚህ አገር ውሃ ይፈላል እንጂ መች ያበስላል" አሉ። ያደጉት መተማ ነው። እዚያ የማሽላው ንፍሮ ቶሎ ይደርስ ነበር፤ ጎንደር ከመጡ ወዲህ ግን ባቄላውም ሽንብራውም ከሰል ይፈጅባቸዋል። ቆላና ደጋ እየኖሩ በምድጃቸው የለዩት ነገር ነው። እኔ እንደ ወሬ ሰምቼ ሸኘኋቸው።

ቃላቸው ግን ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። በማግስቱ አንድ ጭማቂ ቤት ገብቼ በረዶ ለመንኩ። በረዶውን ሰባብሬ ከትንሽ ውሃ ጋር ቢከር ውስጥ አደረግሁና ቴርሞሜትሮቹን አንድ በአንድ ነከርኳቸው። አምስቱም ዜሮ ላይ ወረዱ። ዜሮን በትክክል የሚያነብ መሣሪያ፣ አምስቱም ባንዴ፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ሰባት ዲግሪ ገደማ የሚሳሳትበት ምን ምክንያት አለ?

መምህራን ማረፊያ ክፍል ለብዙ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ አንድ ጋሼ ነበሩ። እሳቸውን ጠየቅኋቸው።

"ውሃ የሚፈላው መቼ ነው?" አሉኝ።

"100 ሲደርስ።"

"ተው እንጂ ልጄ። የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ የተጫነውን አየር ሲቋቋም ነው። ያን ጊዜ ነው አረፋው ከውስጥ ሳይጨፈለቅ የሚወጣው። አሁን ንገረኝ፣ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ናት?"

2,133 ሜትር። ይሄንንም አውቀዋለሁ፣ ጂኦግራፊ ላይ ተምሬዋለሁ። ሁለቱን ግን አገናኝቻቸው አላውቅም። ጋሼ የጠመኔውን ካርቶን ገለበጡና ጀርባው ላይ አሰሉልኝ። ከፍታው ሲጨምር ከላይ የሚጫነን አየር ይቀንሳል፤ ጎንደር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። በግምት በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ይወርዳል። 2,133ን ለ300 ስናካፍል 7 ይመጣል። 100 ሲቀነስ 7፣ 93። በዚሁ ስሌት ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ማለት ነው፣ ውሃ 85 አካባቢ ላይ ይፈላል። መተማ ቆላ ስለሆነች 98 ትጠጋለች። ከባሕር ወለል በታች ያለችው ዳሎል ላይ ደግሞ 100ን በትንሹ ያልፋል።

እናትየው ልክ ነበሩ። ልጅቷም ልክ ነበረች።

ቤት ገብቼ መጽሐፉን ገለጥኩት። "በባሕር ወለል ከፍታ" የምትል ሐረግ ከ100 አጠገብ ተቀምጣለች። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! ሳስተምር ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። አንደርስ ሴልሺየስ ራሱ፣ በስሙ የምንጠራውን መለኪያ በ1742 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ፣ የሚፈላበት ነጥብ ከአየር ግፊቱ ጋር እንደሚለዋወጥ ጽፏል። ለዚህ ነው ውሃ የሚፈላበት ነጥብ ግፊቱ አብሮ ተጠቅሶ የተወሰነው። ሰውየው ያስቀመጠውን ቅድመ ሁኔታ እኛ ጥለን ቁጥሩን ብቻ ይዘን ቀርተናል። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የሆነውን ሁሉ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ቴርሞሜትሮቹ ደህና ናቸው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያ ቁጥራችሁን መልሱ አልኳቸው። ግን ምኑን ይመልሱ? ጠፍቷል። አንዱ ልጅ ደብተሩን ወደ መስኮት አነሳና በብርሃኑ አጋድሞ አየው። "ቲቸር፣ ይታያል!" አለ። ሄጄ አየሁ። 100 በእርሳስ ደምቆ ተጽፏል፤ ከሥሩ ወረቀቱ ላይ የ9 እና የ3 ጉድጓድ አለ። ልጁ መጀመሪያ ሲጽፍ እርሳሱን ጫን አድርጎት ነበር። እርግጠኛ የነበረ ልጅ እጅ ነው። በጣቴ ዳሰስኩት። ሌሎቹም ደብተራቸውን እያጋደሙ ከመስኮቱ ሥር ተሰለፉ።

ሙከራውን ደገምነው። ባለፈው 94 ያነበበው ቡድን መጀመሪያ እንደገና 94 አለ። ጠጋ ብለን ስናይ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የቢከሩን ወለል ነክቷል፤ ወለሉ በእሳቱ የጋለ ስለሆነ ከውሃው በላይ ያነባል። ትንሽ ከፍ ስናደርገው 93። ከዚያ አንዱ እሳት ቢጨመርስ ብሎ ጠየቀ። ሁለት መብራት አንድ ቢከር ሥር አደረግን። ውሃው በኃይል ተንፈቀፈቀ፣ ቶሎ ጎደለ፣ ሙቀቱ ግን እዚያው 93 ነው። የተጨመረው እሳት በሙሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመቀየር ነው የሚውለው። ልጅቷ እጇን አነሳችና፣ "ታዲያ እማዬ ድስቱ ከፈላ በኋላ ከሰል የምትጨምረው ለምንድን ነው?" አለች። ያን ቀን ከሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰድነው እዚህ ላይ ነው። መፍላቱ እስካልቆመ ድረስ እሳት መቀነስ ይቻላል። ባቄላውን ከዋዜማው መዘፍዘፍም ይረዳል። ፕሬዠር ኩከር ደግሞ እንፋሎቱን አምቆ ውስጡ ግፊት ስለሚፈጥር ውሃው ከ100 በላይ ሞቆ ያበስላል። እናቷ ከሰል መቀነሳቸውን ኋላ ላይ ነግራኛለች፤ ፕሬዠሩ ግን ያፈነዳል ብለው እንደሚፈሩት።

የልጅቷን ውጤት ከ5 5 አደረግሁት። ኤክሷን ላጠፋላት ስል ደብተሯን ወደ ደረቷ ሳበች። "እንዲሁ ይሁን ቲቸር" አለችኝ። ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ በሙከራ ቀን እርሳስና ላጲስ አላስገባም። ሁሉም በእስክሪብቶ ነው የሚጽፈው፤ የተሳሳተ አንድ መስመር ይሰርዝበታል፣ ከሥሩ ያለው ግን መነበብ አለበት። ሰሌዳ ላይም መልስ አስቀድሜ አልጽፍም። ባለፈው ሳምንት አንድ ቡድን 89 ይዞ መጣ። ጫፉ ከውሃው በላይ ቀርቶ ይሆናል፣ ውሃው ገና ከመፍላቱ በፊት አንብበውትም ይሆናል፤ ቁጥሩ እንዳለ ተጽፏል፣ ሰኞ ደግመን እንለካዋለን።