እንግዳ ሲሆን የሚያምርበት ቡድን

ጥቅምት 2007 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ዕለት። ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ማሊን አስተናግዶ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ረቡዕ ዕለት ባማኮ ሄዶ ያንኑ ማሊን 3 ለ 2 አሸነፈ። በመሃል አራት ቀን ብቻ ነው ያለው። እዚህ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ያለች ሻይ ቤት ውስጥ ቅዳሜ ተጫዋቾቹን ሲራገም የነበረ ሰው ሁሉ፣ ረቡዕ ላይ ይተቃቀፍ ነበር። እኔም አብሬ ተቃቀፍኩ። ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቡድኑ ያው ነው፣ አሰልጣኙ ያው ባሬቶ ነው፣ ተጋጣሚው ያው ማሊ ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያው ሲያልቅ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ከአልጄሪያ፣ ከማሊ እና ከማላዊ ጋር በሜዳችን ሦስት ጨዋታ አደረግን፤ ሁለቱን ተሸነፍን፣ አንዱን 0 ለ 0 ወጣን። በሦስቱም ጨዋታ ያገባነው አንድ ጎል ብቻ ነው። ከሜዳችን ውጪ ደግሞ ማላዊ ላይ ሁለት፣ ባማኮ ላይ ሦስት፣ አልጄሪያ ላይ አንድ አገባን። ስድስት ጎል። አዲስ አበባ ያን ያህል ከፍታ ላይ ሆና፣ እንግዳው ትንፋሽ እያጠረው፣ ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ስታዲየሙን ሞልቶ፣ እኛ አንድ ጎል። ሰው አገር ሄደን ስድስት።

ይህን ስናገር ሁሌም የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው። "ልጆቹ ወኔ የላቸውም፣ ሕዝብ ሲያዩ ይርበደበዳሉ።" በፍጹም አልስማማም። ወኔ የሌለው ቡድን ባማኮ ላይ ሦስት ጎል አያገባም። ችግሩ ያለው ባለሜዳ መሆን በሚያመጣው ሥራ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ይህን ደግሞ ኳስ ከማየት ብቻ ሳይሆን ከመጫወትም ነው ያየሁት።

ልጅ ሆኜ ለሰፈራችን ቡድን እጫወት ነበር፣ ግራ ተከላካይ። ከኮቺም፣ ከፈረንጅ አራዳም፣ ከመርካቶም ቡድን ይመጣብናል፣ እኛም እንሄድባቸዋለን። ስንሄድ እናሸንፍ ነበር። ሲመጡብን ግን እንቸገራለን። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባንም ነበር። አንዳንዱ ሜዳችን ላይ ሟርት አለ እስከማለት ደርሶ ነበር።

አንዱን ቀን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ታኬታዬ ከብዶኛል። እንግዶቹ አስር ሰው ይዘው ጎላቸው ፊት ቆመዋል። ኳሱ ወደ እኔ መጣ። ቀና ብዬ ሳይ ከፊቴ የማቀብለው ሰው የለም፤ የኛ አጥቂዎች እያንዳንዳቸው በሁለት ሰው ተይዘዋል። በቀኜ ግን መሃል ተከላካያችን ብቻውን ነው፣ እጁን ዘርግቶ እየጠራኝ ነው። ለሱ ሰጠሁት። ያኔ ከመስመሩ ዳር የተነሳው ጩኸት! በአማርኛ "ወደፊት!"፣ በኦሮምኛ "ፉልዱራቲ!"፣ ሁሉም የሚያውቀኝ ሰው ነው። የሻይ ቤቱ ባለቤት አለ፣ አጎቴ አለ፣ የክፍል ጓደኞቼ እህቶች አሉ። ሁለተኛ ኳስ መጣልኝ። መሃል ተከላካያችን አሁንም ብቻውን ነው። አሁንም እየጠራኝ ነው። እኔ ግን አንስቼ ወደፊት መታሁት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ኳሱ የእንግዶቹ ተከላካይ ጭንቅላት ላይ አረፈ፣ እሱ በጭንቅላቱ አወጣት፣ እነሱ ሦስት ሆነው ወጡብን። ጎል።

ትክክለኛው ኳስ ተጮኸብኝ፣ ጎል ያስቆጠረብን ኳስ ተጨበጨበልኝ። ይህ ነገር ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም።

በሜዳህ ስትጫወት ጨዋታውን መሥራት ያለብህ አንተ ነህ። እንግዳው አቻ ቢወጣ ደስ ብሎት ነው የሚመለሰው፣ ስለዚህ ዘግቶ ይጠብቅሃል። አንተ ደግሞ የተዘጋውን በር መክፈት አለብህ። በር መክፈት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ኳሱን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ኋላ፣ ከኋላ እንደገና ወደ ግራ እያዞርክ አንድ ተከላካይ ቦታውን እስኪለቅ መጠበቅ። ይህ ደግሞ በኳስ ውስጥ ከባዱ ሥራ ነው፤ ልምምድ የሚፈልግ፣ ዓመታት አብሮ መጫወት የሚፈልግ። ኳስ ነጥቆ በተከፈተ ሜዳ መሮጥ ግን ፈጣን ልጆች ካሉህ ቶሎ የሚያዝ ነገር ነው። እኛ ፈጣን ልጆች አጥተን አናውቅም። ሰው ሜዳ ስንሄድ ያ ሁሉ ግዴታ ወደ እነሱ ይዞራል፤ እነሱ ይወጣሉ፣ ከኋላቸው ሜዳው ይከፈታል፣ የኛ ልጆች የሚወዱትን ያገኛሉ።

"ጥፋቱ የደጋፊ ነው ልትል ነው?" የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ደጋፊ በአብዛኛው ይጠቅማል፣ ይህ በዓለም ዙሪያ የታየ ነው። በኮሮና ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ የሆነውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2020/21 የውድድር ዘመን ስታዲየሞቹ ለብዙው ጊዜ ባዶ ነበሩ። በዚያ ዓመት ፕሪሚየር ሊጉ ላይ እንግዳ ቡድኖች 153 ጊዜ ሲያሸንፉ ባለሜዳዎች ያሸነፉት 144 ጊዜ ነው። በእንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ ታሪክ እንግዳው ከባለሜዳው በልጦ ሲገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሊቨርፑል አንፊልድ ላይ 68 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆይቶ፣ አንዴ በርንሌይ ሲያሸንፈው ያንን ጨምሮ በተከታታይ በሜዳው ስድስት የሊግ ጨዋታ ተሸነፈ። ደጋፊ ሲጠፋ የቤት ጥቅም ይጠፋል።

ግን በዚያው ዓመት ማንቼን አስታውሱ። እኛ ሰፈር ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ግማሹ የማንቼ ደጋፊ ስለሆነ የዚያን ዓመት ስቃይ በደንብ አውቀዋለሁ። ዩናይትድ ከሜዳው ውጪ 19 የሊግ ጨዋታ አድርጎ አንዱንም አልተሸነፈም፤ 12 አሸነፈ፣ 7 አቻ። ኢቲሃድ ገብቶ ሲቲን 2 ለ 0 አሸነፈ። በሜዳው ኦልድ ትራፎርድ ላይ ግን ስድስት ጊዜ ተሸነፈ፣ አንዱ ደግሞ በመጨረሻ 20ኛ ሆኖ በወረደው ሼፊልድ ዩናይትድ ነው። ልብ በሉ፣ ሼፊልድ ሲያሸንፈው ስታዲየሙ ባዶ ነው። የሚጮህበት ሰው የለም። ራሽፎርድና ብሩኖ በተከፈተ ሜዳ ሲሮጡ ማንም አይችላቸውም ነበር፣ ሜዳው ሲዘጋ ግን መፍትሔ ያጥራቸዋል። ስለዚህ ሥሩ አጨዋወቱ ነው። የደጋፊው ጩኸት የሚጎዳው ቡድኑ በር መክፈት ሳይችል ሲቀር ነው፤ ያኔ ጩኸቱ ያጣድፈዋል፣ ተጣድፎ ደግሞ ይባስ ይሳሳታል።

የኛው ክለብ ጅማ አባ ጅፋርም ይህን አሳይቶናል። በ2010 ዓ.ም. ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት ዋንጫውን ወሰደ፣ ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አገባ፣ ጅማ እንደዚያ ስትደሰት አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ዓመት አፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ገባን። ጅቡቲ ሄደን ጅቡቲ ቴሌኮምን 3 ለ 1 አሸነፍን። የመልሱን ጨዋታ እኛ ባለሜዳ ሆነን 2 ለ 2 ወጣን። ሁሉም ሰው ግማሽ ደርዘን ጎል ነበር የጠበቀው። ከዚያ አል አህሊ መጣ። ካይሮ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ በመልሱ ግን 1 ለ 0 አሸነፍናቸው። አል አህሊን! ያለፉት እነሱ ቢሆኑም። ለኔ ይህ አይጋጭም። ከአህሊ ጋር ስትጫወት ሜዳህም ላይ ሆነህ ማንም "ለምን አላዘነብክባቸውም" አይልህም። ባለሜዳ ነህ፣ ግን ዕዳው የለብህም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ፣ እዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየምም ተጫውተዋል፤ ያኔ ብዙ ቀን ሜዳችን ላይ የሚገጥሙት ሁለት እንግዶች ነበሩ። አባ ጅፋርም በ2014 ወረደ። ብሔራዊ ቡድኑም ስታዲየሞቻችን የካፍን (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን) መስፈርት ስላላሟሉ የሜዳውን ጨዋታ ሰው አገር ማድረግ ጀመረ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ በወረቀት ባለሜዳ እኛ ነበርን። ዳዋ ሆቴሳ እና ሽመልስ በቀለ ናቸው ያገቡት። የአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ልጆች ያን ቀን ኳስ ሲያንሸራሽሩ፣ ወደ ኋላ ሲመልሱ፣ እንደገና ሲጀምሩ በዓይኔ እንባ ሞልቶ ነው ያየሁት። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያ ጨዋታ አዲስ አበባ ወይም ጅማ ቢሆን ኖሮ ያንን የኋላ ኳስ ዝም ብለን እናይላቸው ነበር ወይ እያልኩም አስቤአለሁ።

ሜዳ ተሠርቶ ቡድናችን ቤቱ ሲመለስ ማየት ከምንም በላይ የምፈልገው ነገር ነው። ባዶ ወንበር ፊት መጫወት ለማንም አይገባም። ስንመለስ ግን እንዴት እንደምንመለስም አስባለሁ።

ባለፈው እሁድ ሰፈራችን ሜዳ ዳር ቆሜ ነበር። ግራ ተከላካዩ አስራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እንግዶቹ ዘግተዋል። ልጁ ኳሱን ይዞ ቀና አለ፣ ፊቱ ሰው የለም፣ ዞሮ ለበረኛው ሰጠው። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ሊጮሁ አፋቸውን ሲከፍቱ ክንዳቸውን ያዝ አደረግኩና "ቆይ ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱት" አልኳቸው። በረኛው ወደ ቀኝ ሰጠ፣ ከቀኝ ወደ መሃል ገባ፣ መሃሉ ደግሞ መልሶ ለግራው ልጅ። አሁን የእንግዶቹ አማካይ ተስቦ ወጥቶ ስለነበር ፊቱ ክፍት ነው። ልጁ ሮጠ፣ አሻማ፣ ተከላካዩ አወጣበት። ኮርና ሆነ።

ጎል አልሆነም። ጋሼ ግን ዞር ብለው "ይሄ የማን ልጅ ነው?" አሉኝ።