«እኔማ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው» ያልኩበት ቀን

የምጽፈው ስለ ገንዘብ ነው። ስለ ሕመሙ መጻፍ አልችልም፤ ገና ነው።

የምንኖረው ለንደን ነው። ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። አይናገርም፣ አይራመድም፣ የሚመገበው በሆዱ ላይ በተገጠመ ቱቦ ነው። ሜይ 12 ቀን 2025 ሰኞ ዕለት የተጣመመውን አከርካሪውን በብረት ሊያቀኑለት ሆስፒታል ገባ። «አሥር ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት» ተባልን። ቁስሉ አመረቀዘ፤ እንደገና ተከፈተ። የወጣነው ሴፕቴምበር 4 ቀን ነው። 16 ዓመት የሞላው እዚያው አልጋው ላይ ነው፤ ነርሶቹ ፊኛ ነፍተውለት ነበር።

ሲገባ በእጃችን የነበረው ይህ ነው። የእሱ ዲ.ኤል.ኤ.፣ ማለትም መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ ልጅ የሚከፍለው ድጎማ፣ ከፍተኛው የእንክብካቤ 110.40 እና ከፍተኛው የመንቀሳቀሻ 77.05 ፓውንድ በሳምንት። የእኔ ኬረርስ አላውንስ፣ ማለትም ለአስታማሚ የሚከፈለው ድጎማ፣ 83.30 ፓውንድ በሳምንት። ባለቤቴ አውቶቡስ ይነዳል፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው የዝቅተኛ ገቢ ድጎማ የለንም። ኬረርስ አላውንስ ለማግኘት የምትረዱት ሰው ተገቢውን የአካል ጉዳት ድጎማ ማግኘት አለበት፣ እናንተም በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት መርዳት አለባችሁ፤ ሥራ ካላችሁ ደግሞ የተጣራ ገቢያችሁ ከተወሰነ ጣሪያ መብለጥ የለበትም፤ ያኔ በ2025 ጣሪያው በሳምንት 196 ፓውንድ ነበር። ይህን ሁሉ ከዓመታት በፊት ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ ረስቼዋለሁ።

ሆስፒታል መግባቱን ለዲ.ኤል.ኤ. ማሳወቅ ቀላል ነበር። ቀኑንና የዋርዱን ስም ተናገርኩ፣ አለቀ።

ከዚያ ምክር መዝነብ ጀመረ። በዋርዱ የቢሮ ሥራ የምትሠራ ሴት «28 ቀን ሲሞላ ሁሉም ይቆማል» አለችኝ። በቤተ ክርስቲያን የማከብራቸው እናት ደግሞ ሊጠይቁን መጥተው፣ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሳይቀመጡ «ልጄ፣ 84 ቀን ነው፤ በእኔም ደርሷል» አሉኝ። ሁለቱም አልዋሹም። የ28 ቀኑ ሕግ አለ፤ ለአዋቂ ነው። የ84 ቀኑም ነበረ፤ ለልጆች ነበር፣ ተሽሯል። ካሜሮን ማቲሰን የሚባል ሕፃን ሊቨርፑል ሆስፒታል ከአንድ ዓመት በላይ ተኝቶ ዲ.ኤል.ኤ.ው በ84 ቀን ተቆረጠበት። ልጁ በ2012 አረፈ። አባቱ ግን ክርክሩን አልተወም፤ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ጁላይ 8 ቀን 2015 ተፈረደለት። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ተቀየረ። ዛሬ ሆስፒታል በገባበት ቀን ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ዲ.ኤል.ኤ.ውም ሆነ ፒፑ (ከ16 ዓመት በኋላ ዲ.ኤል.ኤ.ን የሚተካው ድጎማ) የቱንም ያህል ቢተኛ አይቆምም፤ ተኝቶ እያለ 18 ቢሞላውም እንኳ። የሚታየው የገባበት ቀን ነው።

ይህን ያወቅሁት ግን ጁላይ ላይ ነው። ጁን 10 ቀን፣ 28ኛው ቀን አለፈ ብዬ እንቅልፍ ያጣሁ ሴት ነበርኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከገቢ ጣሪያው በጥቂት ፓውንድ ያለፉ አስታማሚዎች በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ መልሱ እየተባሉ እንደሆነ በዜና ሰምቻለሁ። «ሌባ ሳልባል ቀድሜ ልናገር» አልኩና ለኬረርስ አላውንስ ቢሮ ልደውል ስልክ አነሳሁ። ማንም ደውዪ አላለኝም። ራሴ ደወልኩ።

አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። ሴትዮዋ ስታነሳ አስተርጓሚ ጠየቅሁ፤ እንግሊዝኛዬ ለገበያ ይበቃል፣ ለእንዲህ ያለው ግን አላምነውም። አስተርጓሚው ትሑት የሆነ ወጣት ነበር፤ «እርስዎ» እያለ ነው ያናገረኝ። ሴትዮዋ ጠየቀች፣ እሱ አስተረጎመ፦

«ልጅዎን በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት ይንከባከቡታል?»

አንዷ ነርስ በዚያች ሰዓት ጓንቷን አድርጋ የልጄን ቁስል ልትቀይር እየተዘጋጀች ነበር። እሷ ቆማ እየሠራች እኔ ወንበር ላይ ሆኜ «አዎ፣ እኔ ነኝ የምንከባከበው» ልበል? አፌ እንዲህ አለ፦

«አሁንማ ነርሶቹ ናቸው የሚንከባከቡት፤ እግዜር ይስጣቸው። እኔማ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው።»

ወጣቱ አንዲት ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። የሚንከባከቡት ነርሶቹ ናቸው፤ እሷ አጠገቡ ትቀመጣለች። ሰማሁት። ገባኝ። ትክክል ስለተረጎመ ምንም አላልኩም። ሴትዮዋ ቁልፉን ስትመታ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። «ሌላ የሚለወጥ ነገር አለ?» አለች። የለም አልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ዘጋሁ። ደግሞ ቀለል ብሎኝ ነበር!

ያን ንግግር ስንት ሌሊት እንደደጋገምኩት። ለምን እንዲህ አልኩ? እኛ ዘንድ ሰው «ደከምሽ» ሲልሽ «ኧረ ምን ሠራሁና» ነው መልሱ። ሌላው ቃሉ ነው። «እንክብካቤ» ለእኔ የአበባና የመኪና ቃል ነው፤ ልጄን «እንከባከበዋለሁ» ብዬ አውርቼ አላውቅም። ወጣቱ «ያስታምሙታል?» ብሎኝ ቢሆን «ቀንና ሌሊት!» ብዬ እጮህ ነበር። አባቴ አገር ቤት በተኛ ጊዜ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግተን በተራ ያስታመምነው እኛ ነን፤ ምግቡን ከቤት ማመላለስ፣ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ። አስታማሚ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ አገር ግን ደመወዝ የሚከፈላት ነርስ ስላለች እኔ ጠያቂ የሆንኩ መሰለኝ።

ያን ዕለት፣ ስልኩን ከማንሳቴ በፊት ምን ስሠራ እንደዋልኩ ልንገራችሁ። ሌሊቱን በታጣፊ አልጋ ላይ አጠገቡ ነበርኩ። ጡንቻው ሲኮማተር ሁለት ጊዜ ተነስቼ ጉልበቱን አጥፌ ያዝኩለት። ከንጋቱ 12:40 ላይ ምራቁን በመምጠጫው አጸዳሁ። ሲያቃስት የትኛው ሕመም፣ የትኛው ሙቀት፣ የትኛው «ያን ቪዲዮ ክፈቺልኝ» እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሐኪሞቹ ጉብኝት ሲመጡ እኔን ነው የሚጠይቁኝ። በየሁለት ሰዓቱ ሲገላበጥ አንዷ ነርስ ትከሻውን ትይዛለች፣ ዳሌውን እኔ። ምግቡን በፓምፑ ያያዝኩት እኔ ነኝ። ዳይፐሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ እስከ ቀኑ አምስት ሰዓት ድረስ ነው። ከዚያ ስልክ ደውዬ «ቁጭ ብዬ ነው» አልኩ።

ደብዳቤው ጁን 23 የተጻፈ ነበር። ባለቤቴ ከሽሮው ዕቃ ጋር በአንድ ፌስታል አመጣልኝ። ኬረርስ አላውንስሽ ልጁ ሆስፒታል ከገባበት ቀን ጀምሮ ቆሟል፤ ለአራት ሳምንት የተከፈለሽን 333.20 ፓውንድ ትመልሻለሽ ይላል። አልተናደድኩም፤ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው። «በትንሽ በትንሹ እንከፍላለን» ብዬ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ልጄ ያን ሳምንት ትኩሳቱ 39 ነበር፤ ደብዳቤውን የማነብበት ዓይን አልነበረኝም።

ከፊት ለፊታችን አልጋ የነበረች ናይጄሪያዊት እናት ናት ያነቃችኝ። ጁላይ መጨረሻ ላይ ሻይ ስንጠጣ አሳየኋት። አነበበችውና መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «አንቺ? አትንከባከቢም? አንቺ?» ስትል አለቀስኩ። በማግስቱ የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ይዛልኝ መጣች።

ከሁለቱ የተረዳሁት ይህ ነው፤ እናንተ አስቀድማችሁ እወቁት። ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ ኬረርስ አላውንስ በራሱ አይቆምም። የልጁ ድጎማ እስካልተቋረጠና እናንተም 35 ሰዓታችሁን እስከሞላችሁ ድረስ ይቀጥላል፤ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠሩትም ይቆጠራል። እንበልና በእርግጥ መርዳት አቆማችሁ፣ ቤት ሌሎች ልጆች ስላሉ መሄድ አልቻላችሁም። ያኔም ቢሆን ምክንያቱ ሆስፒታል ከሆነ ከ26 ሳምንት ውስጥ እስከ 12 ሳምንት ድረስ ክፍያው አይነካም። እኔ ለዓመታት ሳላቋርጥ ስረዳ ስለነበር ይህ ይመለከተኛል። ስለዚህ በእኔ ላይ የተወሰነው ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው። አንዱ የእኔ ነው፤ የሠራሁትን አልሠራሁም አልኩ። ሁለተኛው የእነሱ ነው፤ ያልኩት እውነት ቢሆን እንኳ በአራተኛው ሳምንት የሚቆረጥ ነገር አልነበረም። ሴትዮዋ ቁልፍ ከመምታቷ በፊት አንዲት ጥያቄ ብትጨምር ምን ነበረበት?

ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቂያው፣ ማንዳቶሪ ሪኮንሲደሬሽን የሚሉት፣ ጊዜው ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን አንድ ወር ነው። እኔ ጁላይ 28 ቀን ነው የላክሁት፤ አልፎብኛል። በቂ ምክንያት ካላችሁ እስከ 13 ወር ድረስ ዘግይቶም ይቀበላሉ። ምክንያቴን በሁለት መስመር ጻፍኩ፦ ልጄ ሆስፒታል ነው፣ እኔም አብሬው ነኝ።

ማስረጃው ነው ያስቸገረኝ። የዋርዱ ኃላፊ ነርስ ደግ ናት፣ ደብዳቤ ጻፊልኝ ስላት ወዲያው ጻፈችልኝ። «እናቱ በየቀኑ ትጠይቀዋለች» ይላል! እንደገና ጠያቂ ሆንኩ። መልሼ ልሰጣት አፈርኩ፤ አንድ ቀን ሙሉ ይዤው ዞርኩ። ከዚያ መለስኩላት። «ጠያቂ አበባ ይዞ ይመጣል። እኔ የማደርገውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እሱን ጻፊልኝ» አልኳት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። ሳቀችና ገጽ ሙሉ ጻፈች፤ ማገላበጡን፣ መመገቡን፣ ሌሊቱን፣ «ያለ እሷ ሕመሙን መለየት አንችልም» የሚለውን ሁሉ። ከዚህ ጋር የሁለት ሳምንት ማስታወሻ አያያዝኩ። ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ ሰዓቱን በግራ፣ የሠራሁትን በቀኝ መዝግቤያለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት 61 ሰዓት ሆነ፣ ሁለተኛው 57፤ ባለቤቴ እሑድ እሑድ ስለሚተካኝ እሑዶቹ የሉበትም። እንቅልፌንም አልቆጠርኩም፤ የቆጠርኩት የተነሳሁባቸውን ደቂቃዎች ነው። ደብተሩን ከመጀመሪያው ቀን ባለመጀመሬ አሁንም እናደዳለሁ።

መልሱ ኦክቶበር አጋማሽ ላይ መጣ። ውሳኔው ተቀይሯል፣ 333.20ውን መመለስ የለብኝም፣ ያልተከፈለኝ የ18 ሳምንት 1,499.40 ፓውንድ ባንክ ገባ። ይቅርታ የሚል ቃል ፈልጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የለም።

መመሪያው «ለውጥ ሲኖር አሳውቁ» ይላል፤ አሳውቁ፣ እኔም አሳውቁ እላለሁ። ስልክ መደወልም ይቻላል ይላል፤ እኔ ግን አትደውሉ ነው የምለው። ስልክ ላይ የተናገራችሁት በእነሱ ቃል ነው የሚጻፈው፣ ቅጂውም በእጃችሁ የለም። የኬረርስ አላውንስ ለውጥ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ሞልታችሁ ከመላካችሁ በፊት ገጹን ፎቶ አንሱት። የግድ ከደወላችሁ የምትሉትን አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ትሕትናችሁን ለቡና ሰዓት አቆዩት። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ያላችሁ በጆርናሉም (በኢንተርኔት ላይ ባለው የመልእክት መዝገባችሁ) ጻፉ፤ ኬረርስ አላውንሱ ከዚያ ላይ ስለሚቀነስ አንዱ ሲነካ ሌላውም ይነካል። ለልጅ አሳዳጊ የሚከፈለው ቻይልድ ቤኒፊት ደግሞ ልጁ ከ12 ሳምንት በላይ ከተኛ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ለልጁ ገንዘብ እያወጣችሁ መሆኑን ሊጠይቋችሁ ስለሚችሉ የልብሱንም የምኑንም ደረሰኝ አትጣሉ።

አንድ ሌላ ነገር። ልጅ 16 ሲሞላ ከዲ.ኤል.ኤ. ወደ ፒፕ እንዲያመለክት ደብዳቤ ይመጣል። ልደቱ ሆስፒታል ላይ ከዋለ ግን ደብዳቤው የሚላከው ሲወጣ ነው፤ እስከዚያ ዲ.ኤል.ኤ.ው ይቀጥላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ጁላይን በሙሉ ባለቤቴን «ፖስታ መጣ?» እያልኩ ስጨቀጭቀው ከረምኩ። የመጣው ከወጣን በኋላ ነው። በደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ ካመለከታችሁ ፒፑ እስኪወሰን ዲ.ኤል.ኤ.ው አይቋረጥም፤ ካለፈ ይቆማል። ልጁ ራሱ መፈረም ካልቻለ በስሙ የሚፈርም ወኪል መሆን እንደምትፈልጉ ንገሯቸው፤ ሰው መጥቶ ያነጋግራችኋል።

የፒፑን ቅጽ የሞላሁት ደብተሩን ከፍቼ ነው። የተሰጠው ቦታ ስላልበቃኝ አሥራ አንድ ገጽ ተጨማሪ አያያዝኩ። ባለቤቴ ከመላኩ በፊት እንዲያነበው ሰጠሁት። ማታ ከሥራ መጥቶ፣ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ቆሞ አነበበው። ሰባተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ «ሌሊት አራት ጊዜ ትነሻለሽ?» አለኝ።

«አራት አንዳንዴ ነው» ልል ነበር። «አራት ጊዜ» አልኩት።