ማሳከኩን ሁሉ በቫይረሱ ሳሳብብ

ኤችአይቪ ቫይረስ በደሜ ውስጥ እንዳለ ካወቅኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። መድኃኒቴን ሰዓት አዛንፌ አላውቅም። ያሸማቀቀኝ ቫይረሱ ሳይሆን የብልቴ ማሳከክ ነው። ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ለዚያች አጭር መንገድ፣ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ያቅተኝ ነበር።

አይብ የመሰለ ነጭ ፈሳሽ አለው፣ ስሸናም ያቃጥለኛል። ፋርማሲ ገብቼ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የፈንገስ» ስል ከኋላዬ ያሉት ሁሉ የሰሙኝ ይመስለኛል። አንዷን ፍሬ ፍሉኮናዞል 150 ሚሊግራም ገዝቼ ላጥ። ይሻለኛል፣ ከዚያ ይመለሳል። «አቅሜ ወርዶ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ይባስ ብዬ በዴቶል መታጠብ ጀመርኩ፤ ያውም እስከ ውስጥ! ዛሬ ሳስበው ራሱ ያቃጥለኛል።

በዓመት ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ሲመለስ የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክሊኒኳን ነርስ አማከርኩ። ሁለት ቀጠሮ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። እሷ ግን ጉንፋን የነገርኳት ያህል ነው የሰማችኝ። ካርዴን ገልጣ «ቫይረሱ እኮ በመድኃኒቱ በጣም ስላነሰ በምርመራ አይታይም። ምን በወጣው ታሳብቢበታለሽ?» አለችኝ። ሲዲ ፎር፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ሴሎች ቁጥር፣ ሲወርድ ፈንገስ እንደሚበረታ፣ የኔ ግን ደህና እንደሆነ አስረዳችኝ።

ከዚያ ፈንገሱን ምን እንደሚመልሰው ለማወቅ ጥያቄው መጣ። በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስደሻል? አዎ፣ ለቶንሲል። ስኳር ተመርምረሻል? አልተመረመርኩም። ተመረመርኩ፣ ነፃ ነኝ። በምን ትታጠቢያለሽ? እዚህ ላይ ዝም አልኩ።

ናሙና ተወስዶ ፈንገስ መሆኑ ታየ። ያለፉት ሁሉ ፈንገስ ስለመሆናቸው ግን ማን ያውቃል? ዓሣ ዓሣ የሚሸት ቀጭን ፈሳሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ነው፤ ያንን ፍሉኮናዞል አይነካውም። እኔ ደግሞ አንዴ እንደዚያ ሸትቶኝ ያችኑ ፍሬ ውጬ ነበር።

ኪኒኗን በሦስት በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ለስድስት ወር ወሰድኩ። ከማዘዟ በፊት የምወስደውን መድኃኒት ሁሉ አይታለች፤ ከፍሉኮናዞል ጋር የማይስማሙ መድኃኒቶች አሉ። ለነፍሰ ጡርም ኪኒኑ አይሰጥም፣ በብልት የሚገባው ክሎትሪማዞል እንጂ። እሱ ደግሞ ኮንዶም ያሳሳል፤ ይህን ፋርማሲ ውስጥ የነገረኝ ሰው የለም።

አሁን በውሃ ብቻ፣ ከውጭ ብቻ ነው የምታጠበው። ፓንቴ ጥጥ ነው። ዴቶሉ የሽንት ቤት ወለል ያጸዳል።