ፍልጥ መፍለጫ ማሽን ስገዛ ማንም ያልነገረኝ

ደብረ ማርቆስም ይሁን እንጅባራ፣ አማኑኤልም ይሁን ደምበጫ፣ የእንጨት መፍለጫ ማሽን ልግዛ ብሎ ብር ያጠራቀመ ሰው ካለ ይህን ሳያነብ ባይከፍል ደስ ይለኛል። ማሽኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ዛሬ ያለ እሱ ሥራዬ አይታሰብም። ግን ከሻጩ ጀምሮ እስከ መካኒኮቹ ድረስ የሚጠቅመኝን የነገረኝ የለም፤ የነገሩኝም አብዛኛው ስሕተት ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እንጀራዬ ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉን በቁሙ ከገበሬ እገዛለሁ፣ አስቆርጣለሁ፣ አስፈልጣለሁ፣ አደርቃለሁ፤ ከዚያ ለእንጀራ ጋጋሪዎች፣ ለዳቦ ቤቶችና ለአረቄ አውጪዎች አስረክባለሁ። ድሮ ፈለጣው በምሳርና በሽብልቅ ነበር። ጎበዝ ፈላጭ ጉጥ የሌለበትን ጉማጅ በአንድ ምት ለሁለት ይከፍለዋል፤ ለዚያ ዓይነቱ እንጨት ዛሬም ማሽን አያስፈልግም እላለሁ። ጣጣው የግንዱ ግርጌና ቅርንጫፍ የወጣበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ እየተጠማዘዘ እርስ በርሱ ይቆላለፋል። ምሳሩ ይሰነቀራል፣ ሽብልቁ ይዋጣል፣ ሰውየው ይዝላል። በአጨዳ ሰሞን ደግሞ ፈላጭ በገንዘብም አይገኝም።

ምርጫው ላይ ብዙ አልቆይም። በመብራት የሚሠራው ትንሹ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቶን ይገፋል። ለቤት ማገዶ ይበቃል፣ ድምፁም አይረብሽም። ነገር ግን ባለ 220 ቮልት ሞተር መብራቱ ሲዳከም ይግላል፤ በቀጭን ገመድ ከሩቅ ተጎትቶ ሲሠራ ደግሞ ሊቃጠል ይችላል። የእኔ እንጨት ያለው መብራት በሌለበት ስለሆነ ተውኩት። ሾጣጣ ብረት እየተሽከረከረ እንጨቱን የሚሰነጥቀውን ዓይነት ግን በነፃ ቢሰጡኝም አልቀበልም። የጋቢ ጫፍ ከያዘ ሰውየውን ይዞት ይዞራል። የቀረው ባለ ቤንዚን ሞተሩ ሃይድሮሊክ ነው፦ ሞተሩ ፓምፕ ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ የሲሊንደሩን ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ጉማጁን ከሽብልቁ ጋር ያጋጥመዋል።

ማሽኑ ላይ በትልቁ «30 ቶን» ተብሎ ተለጥፏል። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት ስንት ነው ብዬ ሻጩን ብጠይቀው «ወንድሜ፣ 30 ቶን ይላል እኮ» አለኝ። ሜትር ተውሼ ለካሁት። ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ዘይቱ የሚገፋው ፊቱ 78.5 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። የዚህ ዓይነት ፓምፕ የሚሰጠው ግፊት ደግሞ 200 ባር ገደማ፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 200 ኪሎ ግድም ነው። ሁለቱን አባዙት፤ 16 ቶን ገደማ ይወጣል። ሲሊንደሩ 13 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እንኳ 27 ቶን ግድም ነው። ሒሳቡን በካርቶን ላይ ጽፌ አሳየሁትና ዋጋ አስቀነስኩ። 16 ቶን ለባሕር ዛፍ አያንስም፤ ግን ለ16 ቶን የ30 ቶን ዋጋ አይከፈልም። እናንተም ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ሙከራው ላይ ግን ሻጩ አልተሸነፈልኝም። ሞተሩ በአንድ ጉተታ ተነሣ፣ ዘንጉ በባዶው ወጣ ገባ አለ፣ «ይኸው!» አለ። እንጨት አስገብተን እንሞክረው ስለው «እዚህ እንጨት የለም፤ ደግሞ አዲስ ዕቃ ይቧጨራል» ብሎ ድርቅ አለ። በባዶ የሚሄድ ዘንግ ምንም አይናገርም። እነዚህ ፓምፖች አብዛኞቹ ሁለት ደረጃ አላቸው፦ እንጨት እስኪነኩ ድረስ ብዙ ዘይት በትንሽ ግፊት ይልካሉ፣ እንጨቱ ሲከብዳቸው ጥቂት ዘይት በከፍተኛ ግፊት ወደ መላክ ይዞራሉ። ሞተሩ የሚፈተነው በዚያች ቅጽበት ነው። ስለዚህ ጉጥ የበዛበት የባሕር ዛፍ ግርጌ ጭናችሁ ሱቁ ድረስ ውሰዱ። ሻጩ እንቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ማሽኑን ወደ ማርቆስ አመጣሁት። ቀጫጭኑን ፈለጠ። የመጀመሪያው ጉጠኛ ግርጌ ላይ ዘንጉ ቀረበ፣ ነካ፣ እንጨቱ ሲጥ አለ፣ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፋና ጠፋ። እንደገና አስነሣን፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅጽበት እንደገና ጠፋ። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «መካኒክ ይየው፤ ካርቡሬተሩን ግን እንዳታስነኩ፣ ጋራንቲው ይሰረዛል» አለኝ። ካርቡሬተር የሚለው ቤንዚንና አየር እየቀላቀለ ለሞተሩ የሚሰጠውን ክፍል ነው። ይህቺ ቃል ብዙ አስከፈለችኝ።

የመጀመሪያው መካኒክ ገና ሳያስነሣው «ፓምፑ ደካማ ነው፣ አለቃ» ብሎ ፈረደ። እዚያው አፈር ላይ ማዳበሪያ ጆንያ ዘርግቶ ፈታው። የሃይድሮሊክ ጠላት አቧራ ነው። ፓምፑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ከቤታቸው ጋር ያላቸው ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትቧጭረዋለች፤ የተቧጨረ ፓምፕ ደግሞ ግፊት አይዝም። ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። የቀዳውን ዘይት ክፍት ባልዲ ውስጥ አስቀምጦ ምሳ ሄደ። ያንን ዘይት መልሶ እንዳይሞላው ከለከልኩት፤ አዲስ ገዛሁ፣ በጨርቅ አጥልዬ ራሴ ሞላሁት። ፓምፑ ተገጠመ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ጉጡ ላይ ጠፋ። የእጁን ግን ተቀበለ።

ሁለተኛው «ግፊቱ ተቀንሶበት ነው የመጣው» አለና የግፊት ማስተንፈሻውን ቫልቭ ብሎን በካቻቢቴ አጠበቀው። ያ ብሎን ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ዘይቱ ወደ ጋኑ እንዲመለስ የተሠራ ነው። የግፊት መለኪያ ሳይታሰር እሱን ማጥበቅ ማሽኑን ማስታጠቅ ሳይሆን መከላከያውን መንቀል ነው። አንዱ ቱቦ ከመጋጠሚያው አጠገብ ተተረተረና የሞቀ ዘይት አጥሩ ድረስ ተረጨ። ሰው አልነካም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሠራተኛው ልጅ የት ነው የሚያፈሰው ብሎ በእጁ ሊዳስስ ሲል ጮኼ መለስኩት። ከጠባብ ቀዳዳ በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ ወግቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ መርፌ የወጋው ቢመስልም ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ እጅ ያስቆርጣል። ፍሳሽ የሚፈለገው ሞተር አጥፍቶ ነው፤ ግድ ከሆነም ካርቶን ከርቀት በማስጠጋት እንጂ በእጅ አይዳሰስም። መካኒክ ነኝ የሚል ሰው ይህን አለማወቁ እስካሁን አይዋጥልኝም።

በዚሁ መሐል የቤንዚኑ ጣጣ ነበር። ማደያ በጀሪካን አይቀዳም፤ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ይባላል። ደብዳቤ የሚጽፈው ቢሮ ስሄድ ቅጹ ላይ ጀነሬተር፣ የውሃ ፓምፕና ወፍጮ እንጂ የእንጨት መፍለጫ የለም። «የሌለ ነገር አልጽፍም» አለኝ ሠራተኛው። ማሽኑን በፎቶ አሳየሁት፣ ደረሰኝ አሳየሁት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ «ባለ ቤንዚን ሞተር» ተብሎ ተጻፈልኝ። እናንተ ከመጀመሪያው እንደዚያ ብላችሁ አመልክቱ።

ነገሩን የፈታው የመስኖ ፓምፕ የሚጠግን ወጣት ነው። የማሽኑ ባለ 6.5 የፈረስ ጉልበት ሞተር ገበሬው ውሃ ከሚስብበት ሞተር ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሃይድሮሊኩን ዞር ብሎም አላየው። ለሞተሩ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታና መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ጫፉ ጥቁር ነው፤ በጣቱ ሲነካው ደረቅ ጥላሸት እንደ ምጣድ ቂጥ ያዘው። «ጋሼ፣ ይሄ ቤንዚን በዝቶበት ታፍኗል» አለኝ። ካርቡሬተሩን ከሥሩ ከፈተና ቤንዚን የምታሳልፈውን፣ ከጣት ጥፍር የምታንስ ናስ ብሎን አወጣ። ወደ ፀሐይ አንሥቶ በመሐሏ ያለችውን ቀዳዳ አሳየኝ። ከሳጥኑ ቀዳዳዋ የጠበበ ሌላ መርጦ ገጠመ። ማሽኑ ያንኑ ግርጌ ሰነጠቀው፣ ጭሱም ጠፋ።

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ አገር ተለክቶ ስለሚመጣ የሚያፈሰው ቤንዚን እዚህ ካለው አየር ጋር አይመጣጠንም። የታወቁ ሞተር ሠሪዎች መመሪያ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር ካርቡሬተሩ ይስተካከል ይላል፤ ለእኔ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ግን አንድም ቃል የለም። ተስተካክሎም ቢሆን በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 6.5 ተብሎ የተገዛው እዚህ 5 እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ስለዚህ ለደጋ ስትገዙ ከሚበቃችሁ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሞተር ምረጡ። ማሽኑን ወደ ጃዊ ቆላ የምታወርዱ ከሆነ ደግሞ የፋብሪካውን ናስ መልሳችሁ ግጠሙ፤ አለበለዚያ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ጋራንቲውስ? ተሰረዘ። አንዲት ቀን ያልጠቀመኝ ጋራንቲ ስለነበር አልቆጨኝም። ሻጮች ካርቡሬተር አትንኩ ሲሏችሁ አትስሟቸው፤ ለሚያውቅ ሰው ግን አስነኩ።

አሁን ስለ አሠራሩ። ይድረቅና ይፈለጣል የሚሉ አሉ፤ ለባሕር ዛፍ ተገላቢጦሽ ነው። በተቆረጠ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ እርጥብ ሳለ ፍለጡት። ከደረቀ በኋላ አጥንት ይሆናል፣ ማሽኑንም ይፈትናል። የተፈለጠው ደግሞ ካልተፈለጠው ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። እኔ ክረምቱ እንደወጣ አስቆርጬ በጥቅምትና በኅዳር እፈልጣለሁ፣ በጋውን ነፋስ በሚያገኝበት ከመሬት ከፍ አድርጌ እከምራለሁ፣ ግንቦት ሳያልቅ ላዩን በቆርቆሮ እሸፍናለሁ። ጎኑ ክፍት ይሁን፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ክምር ይሻግታል። ለእንጀራ ጋጋሪ ቀጭን፣ ለአረቄ አውጪ ወፍራም አድርጋችሁ ከመጀመሪያው ለዩት።

ጉማጁ ሲቆረጥ ሁለቱም ጫፉ ቀጥ ይበል። በሰያፍ የተቆረጠ ከዘንጉ ሥር ተንሸራቶ ይወጣል፣ ጉልበት ይመታል። ጉጡን መሐል ለመሐል አትግጠሙት፤ ከዳር ከዳር እየላጣችሁ ጠጋ በሉ። አንድ ሰው እንጨት እየደገፈ ሌላው እጀታውን መግፋት ሥራ ያፈጥናል ይላሉ። እኔ ጋ ክልክል ነው። ያስቀመጠው ሰው ራሱ እጀታውን ይያዝ፣ ሌሎቹ ያቅርቡና ይከምሩ። ጣት የሚሄደው ሁለት ሰው አንድ ማሽን ላይ ሲቆም ነው፤ 16 ቶን ደግሞ «ቆይ!» ቢሉት አይሰማም።

የሃይድሮሊክ ዘይቱን ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ሳለ እዩት፤ ወጥቶ ሳለ ካያችሁት የጎደለ ይመስላችሁና ከልክ በላይ ትሞላላችሁ። የሞተሩ ዘይት ሌላ፣ የሃይድሮሊኩ ሌላ ነው። ትርፍ ቱቦ፣ ትርፍ ካንዴላና ያቺን ናስ ብሎን ሁልጊዜ ማሽኑ ጋ አስቀምጡ። ለቤታችሁ ማገዶ ብቻ ከሆነ ግን ብራችሁን አታባክኑ፤ ጥሩ ምሳርና ሁለት የብረት ሽብልቅ ግዙ፣ ጉጠኛውን ለይታችሁ ማሽን ላለው ሰው በክፍያ አስፈልጡ።