ብረቱ የሰጠኝን ፕላስቲኩ ወሰደው

ትግል የምትሠሩ ልጆች፣ አሰልጣኛችሁ ላብ አስወጥቶ ክብደት ለመቀነስ የሚለበሰውን ፕላስቲክ ጃኬት ከማምጣቱ በፊት ይህን አንብቡ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የጉልበት ልምምዱ ብዙ አያስቸግርም። ፒያሳ አንድ ጂም ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) እና በፎጣ ተንጠልጥሎ ፑል አፕ (ራስን ወደ ላይ መሳብ)። የያዙትን ክንድ ላለመልቀቅ ከፎጣው የሚበልጥ አላገኘሁም። መጀመሪያ ከባድ ብረት አምስት አምስት ጊዜ፤ ከወራት በኋላ ቀለል ያለውን በፍጥነት። ፓወር ክሊን (ብረቱን ከመሬት በፍጥነት እስከ ትከሻ ማንሳት) ሦስቴ ብቻ ሠርቼ ሁለት ሦስት ደቂቃ አርፋለሁ። የጂሙ ሰዎች "ምን ይጎልትሃል?" ይሉኛል። ሳያርፉ ቢደጋግሙት ግን የሚለመደው መድከም ነው፤ ፍጥነቱ ይጠፋል። "ብረት ያዘገያል" የሚሉትንም አትስሙ። ስኳቴ የክብደቴን አንድ ተኩል እጥፍ ሲያልፍ የተጋጣሚዬን እግር ለመያዝ የምገባው ከበፊቱ ፈጥኜ ነበር። ኮርቻለሁ።

ውድድር ሲቃረብ አሰልጣኛችን "አንድ የክብደት ምድብ ወርደህ ትገጥማለህ" አለኝ። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ፣ ከፕላስቲኩ ላይ ሹራብ ደርቤ ደረጃውን መውጣት መውረድ ሆነ። እጄን ዝቅ ሳደርግ ላቡ ከእጅጌዬ እየወጣ ደረጃው ላይ ይንጠባጠባል። ውሃ ስጠይቅ "ተጉመጥምጠህ ትፋው" ይለኛል። ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ።

ሚዛኑን አለፍኩ። ከዚያ ውሃ ብጠጣ፣ ሙዝ ብበላ ሆዴ ተነፋ እንጂ አቅሜ አልተመለሰም። ጨዋታው ሁለት ዙር ነው፤ ሦስት ሦስት ደቂቃ፣ መሃሉ 30 ሰከንድ። የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ የጭኔ ጡንቻ ተሸማቀቀ። ልምምድ ላይ እንደ ልቤ የማነሳውን የሚያህል ልጅ ወገቡን ይዤ ከምንጣፉ ማላቀቅ አቃተኝ። አሰልጣኙ ከዳር "ጉልበትህ የት ሄደ?" ብሎ ይጮሃል። እስካሁን ያንገበግበኛል። ጉልበቴን እዚያ ደረጃ ላይ ያስፈሰሰኝ እሱ ራሱ ነው!

በኋላ ስጠይቀው "ድሮም የሚሠራው እንዲህ ነው" አለኝ። ድሮማ ሰው ሞቶበታል። በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ተወዳዳሪዎች እንዲህ ክብደት ሲቀንሱ በሳምንታት ልዩነት ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ነው የላስቲክ ልብስና ሳውና እዚያ የተከለከለው። በዓለም አቀፍ ውድድርም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሚዛን የሚወጣው በውድድሩ ዕለት ጠዋት ነው። የፈሰሰውን ለመተካት ጊዜ የለም።

አሁን በራሴ ክብደት እገጥማለሁ። መቀነስ ካለብኝ ቀደም ብዬ፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ፣ ከእንጀራው ላይ ነው የምቀንሰው። ሽሮና ምስሩን አልነካም፣ በተለይ ጾም ከሆነ። በመጨረሻው ሳምንት ብረት የማነሳበትን ዙር አሳንሳለሁ፤ ኪሎውን ግን እንዳለ እተወዋለሁ። ውሃዬንም እጠጣለሁ።